ኮይል

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋራዦች «ኮይል» ማለት የባትሪውን 12 ቮልት በሺዎች ወደሚቆጠር ቮልት አሳድጎ ካንዴላውን የሚያስፈነጥቅ የሽቦ ጥቅል ነው። በዚህ ዕቃ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመለየት የሚሞክሩ አማተሮች በዓለም ዙሪያ አሉ። ለመለየት ግን በመርህ ደረጃ 1.23 ቮልት፣ በተግባር 2 ቮልት ገደማ ይበቃል። የጋዙን መጠን የሚወስነው በውሃው ያለፈው የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ይህን ሳይንቲስቱ ፋራዳይ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል። ኮይል ቮልት ሲጨምር አምፔር ይቀንሳል፤ ከራሱ ኃይል አያመነጭም። መኪና በውሃ አስኬዳለሁ ያለውን አሜሪካዊ ስታንሊ ሜየርን የኦሃዮ ፍርድ ቤት በ1996 (እ.ኤ.አ.) አጭበርብሯል ብሎ ፈርዶበታል። የወጣቶቻችንን የመሞከር ፍላጎት ግን ከልቤ እወደዋለሁ። አደራ፣ ከሚወጣው ጋዝ አጠገብ ብልጭታ አይኑር፤ ይፈነዳል። ጨውም አትጨምሩ፤ መርዛማ ክሎሪን ይወጣል።