ባሕር ዛፍ ሥር የሚግጡ ላሞች

ኮልፌ ቀራንዮ፣ ወይራ ሰፈር፣ ቁርስ የምበላበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል አለ። ጎጆ፣ ጅረት፣ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ለምለም ሣር የሚግጡ ላሞች። ሁሌም ደስ እያለኝ አየው ነበር። ባለፈው ሰሞን የቤቱ ዘበኛ፣ ጋሼ የምላቸው አዛውንት፣ «መምህር፣ ይሄ ሰዓሊ ከብት ጠብቆ አያውቅም» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«ባሕር ዛፍ ሥር እንዲህ ያለ ሣር የት አለ? እኔ እዚሁ ከብት ሳግድ ነው ያደግሁት። ላሞቹን ወደ ባሕር ዛፉ የነዳሁ ቀን ማታ ወተት የለም፤ ዱላ ነው ያለው።»

ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ያን ሁሉ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ስለ እረኛው ዋሽንት ብዙ አውርቻለሁ፤ ስለ ሣሩ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

እስቲ ታሪኩን እንየው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቦታውን የሚሞላው ሰው ነው፤ ተራራና ዛፍ ቢኖሩም ለታሪኩ አጃቢ ናቸው። እርሻና ውቂያ በሸራ ላይ የበዙት ቆይቶ፣ አዲስ አበባ የሚመጣው የውጭ አገር ሰው ማስታወሻ መግዛት ሲጀምር ነው። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈቱ።

የአገር ቤት ምልክት አድርገን የምንሰቅለው ባሕር ዛፍም ቢሆን ጥንታዊ አይደለም። አገሩ አውስትራሊያ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ በምኒልክ ዘመን፣ የማገዶ እጥረት አዲሷን ከተማ ሲያስጨንቃት የመጣ መድኃኒት ነበር። እውነትም ከተማይቱን አቆማት። ዋጋውን ግን ሣሩና ውኃው ከፈሉ። ወይራውም ስሙን ለሰፈሩ ትቶ ሄደ።

አውሮፓም ከዚህ አልተሻለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ክሎድ ሎሬን ሮም ተቀምጦ እረኞችን በወርቃማ ብርሃን ሲሥል፣ ገዢዎቹ ጳጳሳትና መኳንንት ነበሩ። እረኛ መቼ ሥዕል ይገዛል!

በሥዕሉ ላይ ሰውና ተፈጥሮ ተፋቅረዋል። በጋሼ ትዝታ ውስጥ ግን ማገዶና ወተት ይጣላሉ፤ የሚገረፈው መሐል የቆመው ልጅ ነው። ዛሬ ግጦሹ ቤት፣ እረኛው ዘበኛ ሆነዋል።

ባለቤትዋን «ሥዕሉን አውርጂው» አላልኳትም። ትናንት ግን ቁርሴን ሳልጨርስ ወጥቼ፣ «ጋሼ፣ ሣሩ የቱ ጋ ነበር?» አልኳቸው።

ዱላቸውን አንሥተው ማዶ ያለውን ፎቅ አሳዩኝ።