የተወሰደና የተመለሰ
በኤድንበራ ከተማ ቤተ መዘክሮች የሚታይ ታሪክ

በባዕድ ከተማ ታሪካዊ ቅርስ የሚጎበኝ ሰው፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ በተመለከተ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎችን ሊያነሣ ይገባዋል። አንደኛው «ይህን ማን ሠራው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ወደዚህስ እንዴት መጣ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው አጠገብ ተጽፎ ይገኛል። የሁለተኛው መልስ ግን በመዝገብ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል፤ መዝገብ ከሌለም ፈጽሞ ይጠፋል። መዛግብትንና ቅርሶችን መጠበቅ ሙያቸው ለሆነ የማኅበራችን አባላት ይህን ሁለተኛ ጥያቄ አጉልተው ከሚያሳዩ ከተሞች አንዷ የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንበራ ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ልዩ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ኤድንበራ የደረሰ ጎብኚ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ከከተማይቱ መካከል ቀጥ ብሎ በቆመው ጥቁር ዐለትና በላዩ በተሠራው የነገሥታት ምሽግ ላይ ነው። ዐለቱ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ሲሆን፣ በሦስት ወገን ገደል ሆኖ መውጫው በምሥራቅ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ የአገራችንን አምባዎች ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በአምባው ጫፍ ላይ የምትገኘው የቅድስት ማርጋሬት ጸሎት ቤት በ1130 ገደማ የተሠራች ናት፤ በከተማይቱ ቆመው ከሚገኙት ሕንፃዎች ሁሉ በዕድሜ የምትቀድመውም እርሷ ናት።

በምሽጉ ውስጥ ከሚታዩት ቅርሶች የላቀ ክብር የሚሰጣቸው የስኮትላንድ ነገሥታት ዘውድ፣ በትረ መንግሥትና ሰይፍ ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ከሰው ዓይን ተሰውረው ነበር። በመጀመሪያ የእንግሊዙ የጦር መሪ ኦሊቨር ክሮምዌል ስኮትላንድን በወረረ ጊዜ፣ ከተከበበው ከዱኖተር ምሽግ በምስጢር ወጥተው ኪኔፍ በምትባል መንደር በቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ተቀበሩ። እስከ 1660 ድረስም የደብሩ ቄስና ባለቤቱ ምስጢሩን ጠብቀው ኖሩ። ለሁለተኛ ጊዜ የተሰወሩት በ1707 ነው፤ የስኮትላንድ ምክር ቤት ከእንግሊዝ ምክር ቤት ጋር ሲዋሐድ ዕቃዎቹ በሣጥን ተቆልፈው በምሽጉ ውስጥ ባለ ክፍል ተዘጋባቸው። ዘመኑ እየረዘመ ሲሄድ ወደ እንግሊዝ ተወስደዋል የሚል ጥርጣሬ አደረ። በ1818 ዝነኛው ደራሲ ዋልተር ስኮት ፈቃድ አግኝቶ ሣጥኑ ሲከፈት ግን፣ ከ111 ዓመታት በኋላ፣ ሦስቱም በነበሩበት ተገኙ። ያሉበትን የሚያረጋግጥ ሰው ባለመኖሩ ብቻ፣ በገዛ አገራቸው ተቀምጠው ሳለ እንደ ጠፉ ተቆጥረው ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የንግሥና ድንጋዩ ታሪክ ነው። የጥንት የስኮትላንድ ነገሥታት ይነግሡበት የነበረውን ይህን ድንጋይ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1296 ማርኮ ወደ ለንደን ወሰደው፤ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንም በመንበረ ንግሡ ሥር እንዲቀመጥ አደረገ። ዕቃው ወርቅ ወይም ዕንቍ አይደለም፤ 152 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ተራ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ሆኖም ሕዝቡ አልረሳውም። በ1950 የገና ዕለት አራት ስኮትላንዳውያን ተማሪዎች ከዌስትሚንስተር በድብቅ አወጡት፤ በ1951 ተገኝቶ ወደ ለንደን ተመለሰ። በመጨረሻም ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ፣ በመንግሥት ውሳኔ፣ በኅዳር ወር 1996 ወደ ኤድንበራ ምሽግ ገባ። በ2023 ለንጉሥ ሣልሳዊ ቻርልስ ሥርዓተ ንግሥ ለንደን ደርሶ የተመለሰ ሲሆን፣ ከ2024 ጀምሮ መቀመጫው በፐርዝ ከተማ ቤተ መዘክር ስለሆነ፣ ጎብኚ ሊያየው ቢሻ ወደዚያ መጓዝ ይኖርበታል።

ከምሽጉ ወርደን በቻምበርስ ጎዳና ወደሚገኘው የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ስንገባ ነገሩ በሌላ መልክ ይገጥመናል። በ1866 ለሕዝብ በተከፈተው ሕንፃና በ1998 በተጨመረለት አዲስ ክፍል ውስጥ ከሚታዩት ቅርሶች መካከል በ12ኛው መቶ ዓመት ከባሕር እንስሳ ጥርስ የተቀረጹ የሰንጠረዥ መጫወቻ ምስሎች ይገኙባቸዋል። በ1831 በስኮትላንዷ የሉዊስ ደሴት ከተገኙት ውስጥ ኤድንበራ ያላት 11 ብቻ ሲሆን፣ ለንደን ያላት ግን 82 ነው። በአንጻሩም ይህ ቤተ መዘክር ራሱ የሌላ ሕዝብ ንብረት ይዞ ኖሮ ነበር። በካናዳ የሚኖሩት የኒስጋ ሕዝቦች ለመታሰቢያ የቀረጹት 11 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የእንጨት ዓምድ በ1929 ከመንደራቸው ተወስዶ ለቤተ መዘክሩ ተሸጠ። ባለቤቶቹም ያለ ፈቃዳችን ተወሰደብን ሲሉ መልእክተኞቻቸውን ኤድንበራ ድረስ ልከው ጠየቁ፤ ዓምዱም በ2023 ወደ አገሩ ተመለሰ።

ለሙያችን ሰዎች ልዩ ትርጉም ያለው ቦታ ደግሞ በፕሪንስስ ጎዳና ምሥራቃዊ ጫፍ ፊት ለፊት ይገኛል፤ ይኸውም መሠረቱ በ1774 የተጣለው የስኮትላንድ ቤተ መዛግብት ነው። የአገሪቱ የመንግሥት መዛግብት በክሮምዌል ዘመን ወደ ለንደን ተግዘው ነበር። በ1660 በባሕር ሲመለሱም ከጫኗቸው መርከቦች አንዲቱ ሰጥማ ብዙዎቹ በውኃ ጠፍተዋል። ድንጋይ ሰባት መቶ ዓመት ቆይቶ ሊመለስ ይችላል፤ በባሕር የሰጠመ ወረቀት ግን መመለሻ የለውም።

ከዚያው ጎዳና ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከምሽጉ ግርጌ፣ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ታሪኩ ከእኛው ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1868) ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸውን ካሳለፉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፈውን ንዋየ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደው፤ በዚያም በሐራጅ ተሸጠ። ከዘመቻው የተመለሰ አንድ መኰንን አንድ ታቦት ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ታቦቱም ምንነቱ ተረስቶ በቁም ሣጥን ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ተቀመጠ። በ2001 የቤተ ክርስቲያኑ ካህን ጆን ማክለኪ አገኙት። ካህኑ ኢትዮጵያን ያውቁ ስለነበር ያዩት ነገር ምን እንደ ሆነ ወዲያው ተረዱ። ቤተ ክርስቲያኑም ታቦቱ ለባለቤቱ ይመለስ ዘንድ ፈቀደ፤ በ2002 መጀመሪያም ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ በዝማሬና በእልልታ ተቀበለው።

ታቦቱን ወደ አገሩ የመለሰው የጦር ኃይል ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለመሆኑን ልናስተውል ይገባል። የመለሰው አንድ ሰው ዕቃውን አይቶ ማወቁና ያወቀውንም አለመደበቁ ነው። ያ ካህን ኢትዮጵያን የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ታቦቱ ዛሬም በዚያው ሣጥን ውስጥ በኖረ ነበር። ከመቅደላ የተወሰዱ ሌሎች መጻሕፍትና ታቦታት ዛሬም በለንደን ይገኛሉ። በግለሰቦች ቤት ስንቱ ሳይታወቅ እንደ ተቀመጠ ግን ማን ይቈጥረዋል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። በየገዳሙና በየደብሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ያለው ቅርስ ምን እንደ ሆነ፣ ልኩና መልኩ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እንደ ተላለፈ ዛሬውኑ ካልተመዘገበ፣ ነገ ቢጠፋ የእኛ ነው ብለን የምንጠይቅበት ማስረጃ አይኖረንም። የመዝገብ ሠራተኛ ድካም ጎልቶ የሚታይ አይደለም፤ ደመወዙም ምስጋናውም አነስተኛ ነው። ነገር ግን የተወሰደው እንዲመለስ በሚጠየቅበት ቀን መጀመሪያ የሚፈለገው ምስክር እርሱ ጽፎ ያቆየው መስመር ነው።