ከቀላድ እስከ ዳታቤዝ፦ የምዕራብ ሸዋ የመሬት መዝገብ

የምዕራብ ሸዋ የመሬት መዝገብ መነሻው ቀላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያው ገመድ ነው። በምኒልክ ዘመን በሸዋ ቀላድ ሲጣል መሬቱ በጋሻ እየተለካ ባለመሬቱና ግብሩ በመዝገብ ይሰፍር ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ድልድሉም ለገበሬ ማኅበራት ተሰጠ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በኦሮሚያ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መታደል ጀመረ። የመጀመሪያው ደብተር ካርታ ስላልነበረው ማሳው የሚታወቀው በአዋሳኞቹ ስም ነበር። ካርታ የተጨመረው በሁለተኛው ዙር ነው።

ባልና ሚስት አንድን ማሳ በጋራ ይይዛሉ፤ አንድ ገበሬም በየአቅጣጫው ብዙ ማሳ ይኖረዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ባሕር መዝገብ ማስፈር ስሙን ደጋግሞ መጻፍ ነው፤ አንዱ ታርሞ ሌላው ሲቀር መዝገቡ እርስ በርሱ ይጣላል። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው የዳታቤዝ አሠራር መፍትሔው መረጃውን በየሠንጠረዡ ከፍሎ በቁጥር ማያያዝ ነው፦ አንዱ ሠንጠረዥ ለማሳ፣ አንዱ ለባለይዞታ፣ ሦስተኛው ማሳውን ከባለይዞታው ለማገናኘት።

እንዲህ ያለውን መዝገብ በፓይተን በተጻፈ ዌብ አፕሊኬሽን ለማስተዳደር ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ማይክ ባየር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤስኪውኤል-አልኬሚ ነው። መሣሪያው እያንዳንዱን ሠንጠረዥ ከአንድ የፓይተን ክላስ ጋር ያዛምዳል፤ ፕሮግራመሩ «ማሳ» እና «ባለይዞታ» እያለ ይጽፋል፣ ለዳታቤዙ የሚሰጠውን ትእዛዝ (ኤስኪውኤሉን) መሣሪያው ያዘጋጃል።

ሥራው የሚከናወነው «ሴሽን» በሚባለው በኩል ነው። ለአፕሊኬሽኑ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሴሽን ይከፈታል፤ ሲያልቅም ይዘጋል። አባት ሞቶ ማሳው ለሦስት ልጆች ሲተላለፍ የሟቹ ስም ይነሣል፣ የወራሾቹም ይገባል። ይህ ሁሉ የሚጸናው «ኮሚት» ሲባል ነው፤ በመዝገብ ቤት ማኅተም እንደማሳረፍ ያለ ነው። ሦስተኛው ወራሽ ላይ ስሕተት ቢፈጠር «ሮልባክ» ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሰዋል፤ ማሳው ባለይዞታ አልባ ሆኖ አያድርም።

መሣሪያው የሚጠብቀው ግን መዝገቡ እንዳይፋለስ ብቻ ነው። ድንበሩ በትክክል መሰመሩን ዛሬም የሚመሰክሩት አዋሳኞቹ ናቸው።