ሆዳቸው ሞልቶ የተራቡት ስድስት ሰዎች

ዛሬ ስለ መድኃኒት አላወራም፤ ታሪክ ነው የማጫውታችሁ። ነገር ግን «ዶክተር፣ ልጄ ደህና ይበላል፣ ክብደቱ ግን አይጨምርም» ለምትሉኝ ወላጆች በቀጥታ ይመለከታችኋልና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሪትዮፍ ናንሰን የሚባል የ26 ዓመት ኖርዌያዊ የእንስሳት ሳይንስ ተመራማሪ ግሪንላንድን የሸፈነውን ግግር በረዶ ከዳር እስከ ዳር በስኪ ሊያቋርጥ ተነሣ። ከእርሱ በፊት የሞከሩት ሰዎች መንደር ካለበት ከምዕራቡ ዳርቻ ይነሡና መሃል ደርሰው ይመለሱ ነበር። እርሱ ነገሩን ገለበጠው፤ ሰው እምብዛም በማይኖርበት በምሥራቁ በኩል ጀመረ። ወደ ኋላ ቢመለሱ የሚጠብቃቸው ስለሌለ፣ ምግብም መጠለያም የሚገኘው ወደ ፊት ከሄዱ ብቻ ነው። ብዙዎች እብደት ነው አሉት።

ዝግጅቱ ግን የእብድ አልነበረም። በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱትን ጋሪዎች ቀላል አድርጎ ራሱ አሠራቸው። ላብ እንዳያፍኑ ልብሶቹ በአብዛኛው የሱፍ ነበሩ። ለዓይን ጥቁር መነጽር ተያዘ፤ የበረዶ ነጸብራቅ ዓይንን ያቃጥላልና። አልኮል የያዙት ለምድጃ ማገዶ እንጂ ለመጠጥ አልነበረም፤ እዚህ ላይ እንደ ሐኪም አጨበጭብለታለሁ። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ሙቀቱን እያጣ ነው።

ስህተቱ የተፈጠረው ምግቡ ላይ ነው። ለመንገደኞች የሚዘጋጅ ፔሚካን የሚባል ምግብ አለ፤ የደረቀ ሥጋ ተፈጭቶ ከስብ ጋር ይለወሳል። ቋንጣን አድቅቃችሁ በሞራ ብትለውሱት ማለት ነው። ለናንሰን የተዘጋጀለት ግን ስቡ የወጣለት ነበር።

ስድስቱ ሰዎች ነሐሴ አጋማሽ ላይ (በፈረንጆቹ) መውጣት ጀመሩ። እያንዳንዳቸው ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት እየጎተቱ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ደረሱ። ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 45 ዲግሪ ይወርድ ነበር። ሥጋው ነበር፣ ብስኩቱም ነበር፣ ይበላሉም፤ ግን አይጠግቡም። የጎደላቸው ስብ ነው። የሳምንት ድርሻቸው የሆነችውን ቅቤ ያለ ዳቦ ባንድ ጊዜ የሚውጣት ሰው ነበር። ኋላማ ከቡድኑ አንዱ ኦቶ ስቨርድሩፕ የጫማውን ቅባት ብበላው ይጎዳኝ ይሆን ብሎ ናንሰንን ጠየቀው። ቅባቱ የቆየ የተልባ ዘይት ነበር። ይህ ሰው የሰከነ ጎበዝ መርከበኛ ነው፤ ጫማ ቅባት ያስመኘው ሰውነቱ ነው።

ለምን? አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፣ ሥጋው ውስጥ ያለው ፕሮቲንም ሆነ ስታርች ግን 4 ብቻ። በዚያ ብርድ ጋሪ የሚጎትት ሰው በቀን ከ6,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ሊያቃጥል ይችላል። ያንን ሁሉ ስብ በሌለው ምግብ ለመሙላት ሆድ ቦታ የለውም፤ ጉበትም ፕሮቲንን ወደ ጉልበት የመለወጥ አቅሙ ውሱን ነው።

ትንሽ ልጅም እንደዚያው ነው። ሆዱ ትንሽ፣ እድገቱ ፈጣን። ቀጭን አጥሚት ጠጥቶ ሆዱ ይወጠራል፣ እናት «ጠግቧል» ትላለች፣ ጉልበቱ ግን የለም። የእናት ጡት ወተት ከሚሰጠው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከስብ የሚመጣው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ ገንፎውን ወፈር አድርጉት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ ጨምሩበት፣ ጡቱም ይቀጥል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስቡ የወጣለት ወተት አትግዙ።

አደራ! ይህን አንብባችሁ ለአራስ ቅቤ እንዳታውጡ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ። ኮሌስትሮል ያለባችሁ አባቶችም «ዶክተሯ ፈቀደች» እንዳትሉ፣ እናንተ ጋሪ አትጎትቱም። ልጃችሁ ለተከታታይ ወራት ክብደት ካልጨመረ ደግሞ ቅቤ ጨምራችሁ አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ አስመዝኑት፣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ናንሰንና ጓደኞቹ 40 ቀን ያህል በረዶው ላይ ቆይተው ሁሉም በሕይወት ምዕራቡ ዳርቻ ደረሱ። ከ7 ዓመት በኋላ ናንሰን በሌላ ጉዞ ላይ ከአንድ ጓደኛው ጋር የጨለማውን ወራት በድንጋይ ጎጆ አሳለፈ። ምግባቸው የድብ ሥጋና ስብ ነበር። ከዚያ ሲወጣ ከመሄዱ በፊት ከነበረው ወደ 10 ኪሎ ጨምሮ ነበር።