«ኅዳር ሲታጠን» ከየት መጣ? ዛሬስ ምን እያቃጠልን ነው?

ኅዳር 12 ቀን ሲደርስ እኛ የሸዋ ሮቢት እናቶች ደጃችንን ጠርገን፣ የሰፈሩን ጥራጊ አንድ ቦታ ከምረን እሳት እንለቅበታለን። ልጆች «ለምንድን ነው?» ሲሉን «ኅዳር ሲታጠን ነዋ!» ብለን እናልፋለን። ዘንድሮ ግን ጥያቄው በማኅበራችን ስብሰባ፣ ቡና ላይ ተነሣ። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ልናወሳ ወደድን።

ዘመኑ 1911 ዓ.ም. ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ ኅዳር ላይ በረታ። ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» አለው። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። አስታማሚው ከታማሚው ጋር ወደቀ፤ ቀባሪ ጠፋ። በሽታው ከቆሻሻና ከመጥፎ አየር የመጣ ስለመሰለው ሰው ደጁን ጠረገ፣ ጥራጊውን አቃጠለ፣ ሰፈሩን አጠነ። ልማዱም ከኅዳር ሚካኤል ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ዘለቀ።

በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ስለነበር ጭሱ አልገደለውም። ጎረቤት ተጠራርቶ ሰፈር ማጽዳቱ ግን መልካም ነበር፤ ዛሬም መልካም ነው።

የተለወጠው የምናቃጥለው ነገር ነው። ያኔ ገለባ፣ ቅጠል፣ የማሽላ አገዳና የጥጥ ቡትቶ ነበር። ዛሬ ክምሩ ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክና የተበጠሰ ጫማ ነው። ፕላስቲክ በደጅ እሳት ሲነድ ዳይኦክሲን የተባለውን ካንሰር አምጪ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ረጲ ላይ እንደተመረቀው ያሉ ፋብሪካዎች ቆሻሻ የሚያቃጥሉት በኃይለኛ ሙቀት ነው፤ ለዚህ የሚመከረው ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ጭሱም መጣራት አለበት። የእኛ የግቢ እሳት ይህን አይችልም። ጭሱን የሚምገውም እሳቱን የምትቆሰቁሰው ሴትና ያዘለችው ልጅ ናቸው።

«ታዲያ የእናቶቻችንን ልማድ እንተው ነው የምትሉን?» ያሉ እናት ነበሩ። የለም፣ እማማ። ስሙ «ኅዳር ሲቃጠል» ሳይሆን «ሲታጠን» ነው። ማጠንን ደግሞ የይፋት ሴት ታውቅበታለች፤ የወተት ዕቃዋን በወይራ እንጂ በፌስታል አታጥንም።

ስለዚህ የመጪው ኅዳር 12 ቀን ሐሳባችን ይህ ነው፦ ቅጠሉና ትርፍራፊው ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይግባ፤ ፕላስቲኩ ተለይቶ በማዳበሪያ ከረጢት ይጠራቀም፤ እሳቱ ላይ ወይራ ብቻ ይጨመር። ያ በሽታ ክርስቲያን ሙስሊም ብሎ አልመረጠም፤ መጥረጊያውንም ሁላችንም እናንሣ።