ፀሐይ ወደ ቤቷ ስትመለስ

እኛ የምናገለግልባት ሞጆ የደረቅ ወደብ ከተማ ናት። በጉባኤያችን የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ትራንዚተሮች አሉ። ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር ግቢው ውስጥ ሲወርድ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ «ባለንብረቱ ማን ነው?» የሚል ነው። ዕቃው ለሳምንታት ቢቀመጥም የጠባቂው አይሆንም፤ ባለቤቱ በሰነዱ ላይ ይታወቃል። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ስለ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን እናንሣ።

ስሟ «ፀሐይ» ነው፤ የተሰየመችውም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ሠራት። በ1928 ዓ.ም. ስትጠናቀቅ የጣልያን ጦር ድንበር ተሻግሮ ወደ መሀል አገር እየገፋ ነበር። በሰማይ የቆየችበት ዘመን አጭር ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ወራሪው አዲስ አበባ ገባ፤ ፀሐይም ተማርካ ወደ ጣልያን ተወሰደች፤ በዚያም አገር አየር ኃይል ሙዚየም ለእይታ ቆመች።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን ታሪካዊ ዕቃዎች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዝ ነበር። የአክሱም ሐውልት ግን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ፀሐይ ደግሞ እስከ ጥር 2016 ዓ.ም. ቆየች። 88 ዓመት!

መጽሐፍ ቅዱስም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ናቡከደነፆር የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ዕቃ ማርኮ በአማልክቱ ቤት አኖረው። በኋላ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ አስወጥቶ በመዝገብ ሹሙ በሚትሪዳጡ እጅ አንድ በአንድ አስቆጠረና ለሰሳብሳር አስረከበ (ዕዝራ 1፥7-11)። የእኛ የወደብ ሠራተኞች ይህን ክፍል ስናነብላቸው ፈገግ ይላሉ፤ ቆጥሮ መረከብን ያውቁታልና።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ሙዚየሙ ፀሐይን ጠብቆ አቆይቷታል። ይሁን እንጂ የሰውን ንብረት በደንብ መያዝ ባለቤት አያደርግም።

ይህን ስንጽፍ በራሳችንም ላይ እየፈረድን ነው። ከዓመታት በፊት በአቅራቢያችን ያለች አንዲት አጥቢያ ለኮንፈረንስ ጄኔሬተር አውሳን ነበር። ኮንፈረንሱ አለቀ፤ ጄኔሬተሩ ግን እኛው ጋ ቀረ። ዘይት ቀየርንለት፣ ጎማ ገጠምንለት፣ በመጨረሻም ቀለም ቀብተን የራሳችንን ስም ጻፍንበት። «ባንይዘው ኖሮ ዝጎ ይጠፋ ነበር» እንል ነበር። ፀሐይ ተመለሰች ሲባል በጉባኤ አጨበጨብን። በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ከጸሎት በኋላ፣ «ፓስተር፣ የእኛስ ጄኔሬተር የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አጣን።

ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የመጀመሪያ ፍሬው መዝሙር አልነበረም፤ ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ (ሉቃስ 19፥8)። ንስሐ እግር አለው፤ ዕቃውን ይዞ ወደ ባለቤቱ በር ይሄዳል።

እኛም ጄኔሬተሩን አይሱዙ ላይ ጭነን ወሰድነው። የአጥቢያዋ ሽማግሌ በጥፍራቸው ቀለሙን ፋቅ ቢያደርጉት የቤተ ክርስቲያናቸው ስም ከሥሩ ብቅ አለ። ምንም አልተናገሩም፤ አቀፉን እንጂ። ሲመለሱ የጉባኤያችን ወንድሞች መኪናው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ዝምታው ግን ቀሎን ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ በቤታችሁ የቆየ የሰው መጽሐፍ፣ በእጃችሁ የቀረ የወንድም ድርሻ፣ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ይኖር ይሆን? ዘመን ቢያልፍበትም የባለቤቱ ስም ከቀለሙ ሥር አለ። 88 ዓመት አትጠብቁ። ጌታ የመመለስን ጸጋ ያብዛላችሁ።