የጋለ ብረትና የፈረስ ጅማት

ጆሃንስበርግ የተቆረቆረችው ወርቅ በተገኘበት በ1886 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መንገዷ በወጉ ሳይወጣ፣ በማግሥቱ በ1887 ከከተማዋ በስተደቡብ በቱርፎንቴን የፈረስ እሽቅድምድም ተጀመረ። ወርቅ ቆፋሪ ውርርድ ይወድ ነበርና፣ ጃንሜዳን ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

እሽቅድምድም ባለበት ሁሉ የሚያነክስ ፈረስ አይጠፋም። ከጉልበቱ በታች ፈረስ ጡንቻ የለውም ማለት ይቻላል፤ አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ብቻ ነው። ከክብደቱ ወደ 60 በመቶ የሚሆነውን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ሲሆኑ፣ በሚጋልብበት ጊዜ ከኋላ በኩል ያለው ጅማት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ መሐሉም እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ከልኩ ሲያልፍ ውስጥ ውስጡን ይበጣጠሳል። እግሩ ያብጣል፣ ፈረሱም ያነክሳል። የባሰው ችግር የሚመጣው ግን ሲድን ነው። የተበጠሰውን ቦታ የሚሞላው የቀድሞው ዓይነት ጅማት ሳይሆን ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ እንደ ጅማት አይለጠጥም። እብጠቱ ጎደለ ተብሎ ወደ ሩጫ የተመለሰ ፈረስ እዚያው ጠባሳ አጠገብ እንደገና ይጎዳል።

ችኮላ ፈረስን ምን እንደሚያደርግ ደቡብ አፍሪካ በብዙ ሺህ አይታለች። ከ1899 እስከ 1902 እንግሊዞችና ቦየሮች ባደረጉት ጦርነት ከእንግሊዝ ጦር ወገን ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ፈረሶች አለቁ። ጥይት የገደለው ጥቂቱን ነው። የቀሩት በመርከብ ለሳምንታት ቆመው መጥተው፣ ሳያርፉ በባቡር ተጭነው ወደ ግንባር የተላኩ፣ በረሃብ፣ በበሽታና በድካም የወደቁ ነበሩ። ያነከሰው ወደ ማገገሚያ ይላካል፣ ሳይሽር ይመለሳል፣ እንደገና ይወድቃል። የጦሩ የእንስሳት ሐኪም ፍሬድሪክ ስሚዝ ይህን ጥፋት በመጽሐፍ አስፍሮታል። (የቱርፎንቴን ሜዳም በዚያው ጦርነት የቦየር ሴቶችና ሕፃናት የታጎሩበት ካምፕ ሆኖ ነበር።)

ለጅማት ሕመም በዚያ ዘመን የታወቀው መድኃኒት የጋለ ብረት ነበር። አገር ቤት የሚያነክስ ፈረስ ወይም በቅሎ ሲተኮስ ያየ አንባቢ ነገሩን ያውቀዋል፤ ፈረንጁም በሠለጠኑ ሐኪሞቹ እጅ ያንኑ ያደርግ ነበር። የተተኮሰ ፈረስ ቁስሉ እስኪሽር ወራት ያርፋል፤ ካረፈ በኋላም አንዳንዱ ይሻለዋል። ምስጋናው ታዲያ ለብረቱ ይሰጣል! ያዳነው ዕረፍቱ መሆኑን ማንም ልብ አላለም። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ላይ የተደረገ ጥናት በ1983 ታትሞ መተኮስ ለጅማት ምንም እንደማይፈይድ እስኪያሳይ ድረስ ልማዱ ለብዙ ዘመን ቆየ። ይህን ያህል ዘመን ስንት እንስሳ በከንቱ ተቃጠለ።

ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን፣ ከፕሪቶሪያ አጠገብ፣ አርኖልድ ታይለር በ1908 ባቋቋመው የኦንደርስቴፖርት የእንስሳት ምርምር ተቋም ሥፍራ ከ1920 ጀምሮ አገሪቱ የራሷን የእንስሳት ሐኪሞች ታሠለጥናለች። ዛሬ የሕክምናው መንገድ ይታወቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጠበቅ ያለ ፋሻና ፍጹም ዕረፍት ነው። ከዚያ በእጅ እየተሳበ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይራመዳል፤ ደቂቃው በየሳምንቱ ይጨመራል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የተለመደው አልትራሳውንድ የጅማቱን ውስጥ ስለሚያሳይ፣ ሐኪሙ ምስሉን ሳያይ ለሶምሶማ አይፈቅድም። ሙሉ ጉዞው ከ9 እስከ 12 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጉዳቱ የሚመለስበት ፈረስ ብዙ ነው።

ባለጠጋ ባለቤት ይህን መታገስ ይችላል። በጆሃንስበርግ አካባቢ በማይክ ደ ኮክ የሠለጠነው ዝነኛው ሆርስ ቼስትነት በ1999 የደቡብ አፍሪካን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ፣ በ2000 መጀመሪያ አሜሪካ ላይ አንድ ውድድር ካሸነፈ በኋላ እግሩ ሲጎዳ፣ ጌቶቹ ከሩጫ አውጥተው ለዘር አስቀመጡት። የደብረ ዘይት ባለጋሪ ግን ምን ያድርግ? ፈረሱ አንድ ቀን ከቆመ የቤቱ እንጀራ ይቆማል። ሐኪም 9 ወር አሳርፈው ቢለው፣ ከሳምንት በኋላ ከጋሪው ሥር የሚታየው ያው የሚያነክሰው ፈረስ ነው፤ እግሩ ላይ የብረት ጠባሳ ተሰልፎ።